ጨለማ ውስጥ የማይጎዳ መድኃኒት

ጤና አዳም ሲቆርጥ እጁ በጭማቂው የራሰ ሰው ሳይታጠብ ቀትር ፀሐይ ላይ ቢውል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ቀልቶ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ፀሐይ ሳያገኘው ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። (ቡና ላይ ጣል የምናደርጋትን ቅጠል ማንም እንዳይፈራት፤ ነገሩ ስለ ትኩስ ጭማቂና ስለ ቆዳ ነው።) ቆዳውን እንዲህ የሚያደርጉት ሶራለን የሚባሉ ውህዶች ናቸው። በግብፅ የአባይ ሸለቆ አሚ ማጁስ የሚባል ተክል ይበቅላል፤ በሶራለን የበለጸገውን ፍሬውን ለምጽ የያዛቸው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እየወሰዱ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፃውያን ኬሚስቶች ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡት፤ ሐኪሙ አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲም የለምጽ ሕሙማኑን በእሱ ማከም ጀመረ። ዛሬ ሜቶክስሳለን የሚባለው መድኃኒት ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ዲ ኤን ኤን የሚጎዳው በሁለት እርምጃ ነው፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ላይ ነው።

ሶራለን ጠፍጣፋ ሞለኪውል ስለሆነ በዲ ኤን ኤ ጥንድ ቤዞች መካከል ሾልኮ ይገባል። ይህ ብቻውን ጉዳት አይባልም፤ እንደገባ ይወጣል። ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ኤ የተባለ ብርሃን ደግሞ ዲ ኤን ኤ ራሱ እምብዛም አይቀበለውም። ስለዚህ መድኃኒቱም ብርሃኑም ለየብቻቸው ያን ያህል የሚያደርጉት ነገር የለም። መድኃኒቱ ገብቶ ሳለ ብርሃኑ ሲመጣ ግን ሶራለኑ አንዲት የብርሃን ቅንጣት ይውጥና አጠገቡ ካለው ቤዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታይሚን፣ ጋር በጽኑ ኬሚካዊ ትስስር ይጣበቃል። አሁን መውጣት የለም።

ሶራለን ሁለት የሚጣበቁ ጫፎች አሉት፤ አንደኛው ፉራን፣ ሌላው ፓይሮን ይባላል። መጀመሪያ የተጣበቀው በፉራን ጫፉ ከሆነ፣ የቀረው አካሉ ያንኑ ብርሃን መዋጥ ይችላል። ሁለተኛ ቅንጣት ሲያገኝ በሌላኛው ጫፉ በተቃራኒው የዲ ኤን ኤ ክር ላይ ያለውን ታይሚን ይይዛል። ታይሚንና አዴኒን የተባለው ሌላ ቤዝ በተከታተሉበት ቦታ በተቃራኒው ክር ላይም ታይሚን ስላለ፣ ሶራለን እንዲህ ያለውን ቦታ ይመርጣል። አጀማመሩ በፓይሮን ጫፍ ከሆነ ግን የቀረው ክፍል ብርሃኑን መዋጥ ያቅተዋል፤ አንዱን ክር እንደያዘ ይቀራል። ሁለቱም ክሮች ሲያያዙ የሚሆነውን የዚፕ ሁለት ወገን መሐል ላይ በክር እንደ መስፋት አስቡት፤ ተንሸራታቹ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ዲ ኤን ኤን የሚገለብጡት ፕሮቲኖችም ሁለቱን ክሮች ሳያላቅቁ መሥራት አይችሉም።

በሰሃን ውስጥ በሚያድጉ ሕዋሳት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ሁለት እርምጃ በብልሃት ይጠቀሙበታል። 405 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሐምራዊ ብርሃን በአብዛኛው በአንድ ክር ላይ የሚቀር ጥብቀትን ይፈጥራል። ከዚያ ያልተጣበቀውን መድኃኒት አጥቦ፣ ከሁለት ሰሃን አንዱን ብቻ 365 ናኖሜትር ብርሃን ማብራት ይቻላል። የሁለቱ ሰሃኖች የመድኃኒት መጠን እኩል ነው፤ ሁለቱን ክሮች ያያያዘው ጉዳት ግን በአንደኛው ብዙ፣ በሌላኛው ጥቂት ነው። አንጀሊሲን የሚባል የሶራለን ዘመድም አለ። ቅርጹ የታጠፈ ስለሆነ በሁለተኛው ጫፉ ተቃራኒውን ክር አይደርስበትም፤ ለማነጻጸሪያ እሱም ይጠቅማል። የጉዳቱን ዓይነትና ሰዓት እንዲህ መምረጥ መቻል ለእኔ የእነዚህ መድኃኒቶች ትልቁ ውበት ነው፤ ጨረርም ሆነ ተራ መርዝ ይህን አይፈቅድም።

የሰሃኑ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ቢያንስ አራት ሰሃን ያስፈልጋል፦ ምንም ያልነካው፣ መድኃኒት ብቻ ያገኘው፣ ብርሃን ብቻ ያገኘው፣ ሁለቱንም ያገኘው። ብርሃን ብቻ ያገኘው ሰሃን ብዙ ጊዜ ጉድ ያወጣል። ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ፈሳሽ ራይቦፍላቪን የተባለው ቫይታሚን አለበት፤ ይህ ቫይታሚን ብርሃን ሲያገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንዲፈጠር ያደርጋል፤ መድኃኒት ሳይኖርም ሕዋሳቱ ይጎዳሉ። ፈሳሹን የሚያቀላው ፌኖል ሬድም ብርሃኑን ይሻማል። ስለዚህ ከማብራት በፊት ፈሳሹ ተደፍቶ ንጹሕ የጨው ውሃ ይተካል። የብርሃኑም መጠን «አምስት ደቂቃ» ተብሎ አይጻፍም፤ አምፖል ሁሉ እኩል አይደለምና። በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋት የሚሰጥ አምፖል በ100 ሰከንድ 1 ጁል ያደርሳል፤ የሚመዘገበውም ይኸኛው ነው።

ጉዳቱን ለማየት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ኮሜት የሚባለው ምርመራ ነው። ሕዋሳቱ በጄል ውስጥ ተቀብረው ሽፋናቸው ይሟሟል፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቀቅባቸዋል። የተሰበረ ዲ ኤን ኤ ከኑክሌየሱ ወጥቶ እንደ ጅራት ይሳባል፤ ጅራቱ በረዘመ ቁጥር ስብራቱ ብዙ ነው። በሶራለን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተያያዙት ክሮች ዲ ኤን ኤውን ጠርንፈው ስለሚይዙት ጅራቱ ያጥራል። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው «ጉዳት የለም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መፍትሔው የሁሉንም ሰሃኖች ዲ ኤን ኤ ሆን ብሎ በተለካ ኤክስሬይ መስበርና ጅራቱ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንዳጠረ መለካት ነው። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ጅራቱ ተመልሶ መርዘም ከጀመረ፣ ሕዋሱ ክሮቹን እያላቀቀ ነው ማለት ነው።

ማላቀቁ ከባድ ሥራ ነው። አንድ ክር ብቻ ሲጎዳ ሕዋሱ የተበላሸውን ቁራጭ ቆርጦ ያወጣና ጤነኛውን ክር አይቶ ይሞላዋል። ሁለቱም ሲያያዙ የሚያየው ጤነኛ ክር የለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚታወቀው ሕዋሱ ለመከፋፈል ዲ ኤን ኤውን እየገለበጠ እዚያ ሲደርስ ነው፤ ያኔ ፋንኮኒ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ፣ ሌሎች ፕሮቲኖች በግራና በቀኝ ይቆርጣሉ፣ ቁርጡ ራሱ ሌላ ስብራት ይሆንና እሱም በተራው ይጠገናል። በዘር የሚተላለፈው ፋንኮኒ አኒሚያ የተባለ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ይህ ሰንሰለት የተበጠሰባቸው ናቸው፤ ጤነኛ ሕዋስ የሚቋቋመው መጠን የእነሱን ክሮሞሶሞች ይሰባብራል።

በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት ሁሉ ግን ዲ ኤን ኤን ዒላማው አያደርግም። ለካንሰር የሚሰጡት ፖርፊሪኖች በብርሃን ሲነቁ ኃይላቸውን ለኦክስጅን ያስረክባሉ፤ የሚፈጠረው ቁጡ ኦክስጅን ዕድሜው እጅግ አጭር ስለሆነ ከተወለደበት ብዙ አይርቅም። ፖርፊሪኖቹ ደግሞ በአመዛኙ የሚሰፍሩት በሽፋኖችና በማይቶኮንድሪያ ላይ ስለሆነ ዋናው ጉዳት እዚያው ይቀራል።

ወደ ሶራለን ስንመለስ፣ የተረፈ ሕዋስ ሁሉ በደንብ ተጠግኗል ማለት አይደለም። በጥገናው መሐል ስሕተት ይገባል፤ ስሕተቱም ወደ ልጅ ሕዋሳት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ ሶሪያሲስ ለተባለው የቆዳ በሽታ በሰፊው የተሰጠው የሶራለንና የአልትራቫዮሌት ሕክምና፣ ብዙ ጊዜ በተደጋገመባቸው ሕሙማን ላይ የቆዳ ካንሰርን ያበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም ጥምረቱን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ያው ኬሚስትሪ በደም ባንክ ሌላ አገልግሎት አለው። አሞቶሳለን የተባለ ሶራለን ለሕሙማን በሚሰጥ የፕሌትሌት ከረጢት ውስጥ ተጨምሮ ይበራበታል፤ የባክቴሪያውና የቫይረሱ ዘር ይታሰርና መባዛት ያቆማሉ። ፕሌትሌት ኑክሌየስ የለውም፤ ስለዚህ ደም ማርጋቱን ይቀጥላል።