የተማርነው ለምን ይረሳናል?

ፊደል ቆጥረው ማንበብ ከቻሉ በኋላ ተመልሰው ፊደሉ የሚጠፋባቸው ሰዎች አሉ። ፊደል የጠፋበት ሰው ደግሞ ነገ በማያነበው ውል ላይ አውራ ጣቱን ያትማል። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላሉ። ይህ እውነት ነውን? እስቲ አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት።

1. ልብ ማለት

አበው «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላሉ። የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በዚህ ይስማማሉ። ገበያ ውስጥ ስንት ድምፅ አለ! በሬ ስትገዙ ግን የምትሰሙት የሻጩን ቃል ነው። የቀረው ጫጫታ በጆሮ ያልፋል እንጂ በልብ አይቀመጥም። ንባብም እንዲሁ ነው። ዓይን መጽሐፉ ላይ ሆኖ ልብ ከከብቶቹ ዘንድ ከሄደ የሚያዝ ነገር የለም። ስለዚህ ሐሳብ ተበትኖ አንድ ሰዓት ከመቀመጥ፣ ሐሳብን ሰብስቦ ሩብ ሰዓት ማንበብ ይሻላል።

2. ማስታወስ

ልብ ያልነው ሁሉ ወዲያው ሥር አይሰድም። ጎረቤት «ጨው፣ በርበሬ፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ መርፌ ግዙልኝ» ቢላችሁ በአፋችሁ እየደጋገማችሁ ትሄዳላችሁ። በመንገድ አንድ ሰው አስቁሞ ካጫወታችሁ ግን ከአምስቱ አንዱ ሁለቱ ይጠፋሉ። ይህ የአጭር ጊዜ ትውስታ ይባላል። የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ቶሎም ያፈሳል። በልጅነት የሰማችሁት ተረት ግን እስከ ዛሬ አለ። ያ የረጅም ጊዜ ትውስታ ነው።

ታዲያ ትምህርት እንዴት ሥር ይሰዳል? ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ የጀርመን ሊቅ ይህን በራሱ ላይ ሞከረ። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ደርድሮ በቃሉ ያጠና ነበር። ቆይቶም ምን ያህሉ እንደቀረለት ይለካ ነበር። ውጤቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 አሳተመ። ያገኘውም ይህን ነው፦

ሀ/ ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳት ይዘገያል።
ለ/ በአንድ ቀን አብዝቶ ከመደጋገም፣ በተለያዩ ቀኖች ከፋፍሎ መደጋገም ይበልጣል።
ሐ/ ከ1 ወር በኋላ ያንኑ እንደገና ሲያጠና ድካሙ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰለት። ጠፋ የተባለው ሁሉ አልጠፋም ማለት ነው።

ይህ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የጤፍ ማሳ በአንድ ቀን እርሻ አይለሰልስም፤ ቀን እየተለየ ደጋግሞ ይታረሳል። አንድ ጊዜ የታረሰ መሬትም እንደ ጠፍ መሬት በሬ አያደክምም።

3. ብልህነት

ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 የብልህነት መለኪያ አዘጋጀ። ዓላማው በትምህርት የሚቸገሩ ሕፃናትን ለይቶ ለመርዳት ነበር። ቢኔ «ብልህነት አንዴ ተሰፍሮ የተሰጠ ነው፤ አይጨምርም» የሚሉትን ሰዎች ተቃውሟል። በልምምድ ይዳብራል ብሏል። የበሬን ዕድሜ በጥርሱ፣ የአፈርን ጠባይ በእጁ የሚለይ ሰው አእምሮ የለውም ማን ይላል? ዕድሜ ሲገፋ አዲስ ነገር ለመያዝ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል፤ በሩ ግን አይዘጋም።

ምን እናድርግ?

ዛሬ ያነበባችሁትን ገጽ ነገ ድገሙት፤ ከሳምንት በኋላም ተመለሱበት። መጽሐፉን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን ለቤተሰብ ተናገሩ። የሸጣችሁትን እህል ልክና ዋጋ በእጃችሁ ጻፉ።

ጥያቄዎች

1. በገበያ ጫጫታ መካከል የሻጩን ቃል ለይተን የምንሰማው ለምንድን ነው?
2. የጤፍ ማሳን ማረስና ትምህርትን መደጋገም በምን ይመሳሰላሉ?
3. ባለፈው ሳምንት ያነበባችሁትን ሳታዩ በሦስት መስመር ጻፉ።