አንድ ማኮብኮቢያ፣ ሁለት ሥራ

የድሬዳዋ ማኮብኮቢያ የአየር ኃይሉንም የመንገደኞችንም አውሮፕላን ያስተናግዳል።  ሜዳ መጋራት ግን ቀላሉ ነው፤ የሚከብደው ዕውቀት መጋራት ነው። ለወታደራዊና ለሲቪል አገልግሎት በጋራ የሚውል ምርምር ሲባልም ይኸው ነው።

አሠራሩን በራዳር እንየው። ራዳር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተስፋፋው የጠላትን አውሮፕላን ከሩቅ ለማየት ነው። ዝናብ ግን ስክሪኑ ላይ እየታየ ባለሙያዎቹን ያስቸግር ነበር። ለወታደሩ እንከን የሆነው ምልክት ለሜትዎሮሎጂ ሰው የሚፈልገው መረጃ ሆነና የአየር ሁኔታ ራዳር ተገኘ።

ድሬዳዋ ይህ ዕውቀት ምን እንደሚያድን ታውቃለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲጥሳት ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎርፉ ከደጋው ስለሚወርድ፣ ከተማው ውስጥ ባይዘንብም ይመጣል። ነዋሪው እንዲሸሽ ደጋው ላይ ምን ያህል እንደዘነበ ቀድሞ መታወቅ አለበት። አብራሪም ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው ስለዚያው ሰማይ ነው። እንግዲህ አንድ ልኬት ሁለቱንም ያገለግላል፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ሊያጠናው ይችላል።

ወታደሩንና ሲቪሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት ግን አይበቃም። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሜቴክ የጦር መሣሪያና የጥይት ፋብሪካዎችን ከትራክተር መገጣጠሚያ ጋር በመኮንኖች አመራር ሥር አሰባሰበ። የህዳሴ ግድብን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራና የስኳር ፋብሪካ ግንባታዎችንም ያለ ጨረታ ያዘ። ሥራው ተጓተተና ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከግድቡ እንዲወጣ መወሰኑ ይፋ ሆነ፤ በኋላም የመከላከያና የሲቪል ፋብሪካዎቹ ተለያዩ። ባለቤቱም ሠሪውም መንግሥት ሲሆን፣ ሥራውን ፈትሾ "አልቀበልም" የሚል ወገን ይጠፋል።

ስለዚህ ጥሩ ፖሊሲ ሦስት ነገር ይደነግጋል። የሁለቱ ወገን ሒሳብ ለየብቻ ይያዛል። ውጤቱን የሚፈትሸው ከሠሪው ውጪ ያለ አካል ይሆናል። ምስጢርና ግልጽ መረጃም ከመነሻው ይለያሉ፤ የተዋጊ አውሮፕላን የበረራ ሰዓት ምስጢር ነው፣ ደጋው ላይ ስለጣለው ዝናብ ያለው መረጃ ግን በዚያው ሰዓት ደቻቱ ዳር ለሚኖረው ሰው መድረስ አለበት።