የአጥር ተክል፣ የአካባቢ ዝናብና የጓሮ አፈር እርጥበት

ዋናው እህል እስኪደርስ ድረስ በድርቅ የተጎዳም ሆነ አዲስ የሠፈረ ቤተሰብ ከሚደገፍባቸው ነገሮች አንዱ የጓሮ አትክልት ነው። የጓሮው ልማት የሚወሰነው በዘነበው ውሃ መጠን ብቻ ሳይሆን አፈሩ ይዞ በሚያቆየው ጭምር ነው።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በመሆኑም በ100 ካሬ ሜትር ጓሮ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 500 ሊትር ይገኛል። ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ሲበረቱ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተንኖ ሊያልቅ ይችላል።

የአጥር ተክል ነፋሱን በማብረድ ትነቱን ይቀንሳል። ጥቅሙም የቁመቱን 10 እጥፍ ያህል ርቀት ይደርሳል፤ ባለ 2 ሜትር አጥር እስከ 20 ሜትር ይከላከላል ማለት ነው። በሌላ በኩል አጥሩ ራሱ ውሃ ይስባል፤ ነፋስ የሚገፋውንም ዝናብ ይጋርዳል። ስለዚህ በሥሩ ያለው መሬት ቀድሞ ይደርቃል።

በመሆኑም የመስክ ሠራተኞች የሚከተሉትን ሊያስተውሉ ይገባል፦

1ኛ/ አጥሩ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ይተከል፤ ፈጽሞ የተደፈነ አይሁን።

2ኛ/ አትክልቱ ከአጥሩ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ባሕር ዛፍ ለጓሮ አጥር አይመረጥም።

3ኛ/ የተከረከመው ቅጠል አፈሩን ይሸፍን፤ ቅንጭብ ግን ወተቱ መርዛማ ስለሆነ ለዚህ አይውልም።

4ኛ/ ዝናብ በየመንደሩ፣ ጎኑ ቀጥ ባለ ጣሳና በማስመሪያ በየጠዋቱ ይለካ።

በከተማው መለኪያ ዝናብ ተመዘገበ ማለት ከኮረብታው ማዶ ያለው ጓሮ ረጠበ ማለት አይደለም። ችግኝ ከመታደሉ አስቀድሞ አፈሩን አንድ ስንዝር ቆፍሮ በእጅ ጨብጦ ማየት ያስፈልጋል።