ያላዘዙት የማውጫ ሂሳብ

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ ምግብ ቤት አለኝ። አንድ ሰው ደውሎ አድራሻዬን ካረጋገጠ በኋላ ለቢጫ ገጽ ማውጫ የ490 ዶላር ሂሳብ መጣብኝ፤ ካልከፈልኩ እንደሚከሱኝ ይዝታሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ያላዘዙትን የመክፈል ግዴታ የለብዎትምና ልብዎ አይታወክ። እንዲህ ያለው ደዋይ አድራሻ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ «አዎን» ያሉትን ቃል ቀርጾ የስምምነት ምስክር አድርጎ ለማቅረብ ሲሆን፣ በቢጫ ገጽ ማውጫ የሚታወቀው የሚራመዱ ጣቶች ምልክትም በአሜሪካ የማንም ብቸኛ ንብረት ስላልሆነ፣ ሐሳውያን በሂሳባቸው ራስ ላይ እንደ ልባቸው ያትሙታል፤ በዚህም የስንቱ ታታሪ ነጋዴ ላብ ተበልቷል። ስለዚህ በስልክ ሳይከራከሩ፣ የፈረሙበት ውል ካለ እንዲያሳዩ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሂሳቡን ከነፖስታው ያኑሩ፤ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም ያመልክቱ። የፍርድ ቤት መጥሪያ በእውነት ከደረሰዎ ግን ቀጠሮው ሳያልፍ ጠበቃ ያማክሩ።