በደሴት ላይ ምን ይተከላል?

ወጣቷ በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ግቢ እንድታለማ ተቀጥራለች። ከመሄዷ በፊት ዕድሜያቸውን በአትክልት ሥራ ካሳለፉ አዛውንት ጋር ተቀመጠች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ቀጣሪዎቼ ግቢው በአበባ እንዲሞላ ይፈልጋሉ። የትኛውን ላስቀድም?

አዛውንቱ፦ አበባው ይቆይሽ ልጄ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። አፈሩን አይተሽዋል?

ወጣቷ፦ በፎቶ ነው ያየሁት። ነጣ ያለ፣ ድንጋያማ ነው።

አዛውንቱ፦ የኮራል ድንጋይ ነው። በደሴቲቱ ምዕራብ ቅርንፉድ የሚያበቅል ጥልቅ አፈር አለ፤ የምሥራቁ ግን ስስና ኖራ የበዛበት ነው። ኖራ ሲበዛ ተክል ከአፈሩ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። ለጋ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ካየሽ፣ ውኃ ጠምቶት ነው ብለሽ አታጥለቅልቂው። ብስባሽ ጨምሪለት፣ ግርጌውን በደረቅ ቅጠል ጎዝጉዢለት። ሂቢስከስ በዚህ ቶሎ ይጎዳል።

ወጣቷ፦ ነፋሱንስ ምን ላድርገው?

አዛውንቱ፦ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ለወራት ይነፍሳል፤ ከባሕሩም ጨው ይዞ ይመጣል። ግንብ አጥሬ አቆመዋለሁ እንዳትዪ። ነፋስ ድፍን ግንብ ሲገጥመው ከላይ ዘሎ ከኋላው ይወርዳል፣ እዚያ ያለውን ተክል ያንገላታል። ቅርንጫፉ የሚያሳልፍ ዛፍ ግን ጉልበቱን ያበርደዋል። ስለዚህ ከባሕሩ ፊት ኮኮናት ይቁም። ከኋላው ጨውና ድርቅ የሚችሉት ቡገንቪሊያና ፍራንጂፓኒ ይከተሉ። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ጠጅ ሣርና ሂቢስከስ በነሱ ተከልለው ወደ ቤቱ ይጠጉ።

ወጣቷ፦ ፍራንጂፓኒ በቅርንጫፍ ይያዛል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አዛውንቱ፦ ይያዛል፤ ግን እንደቆረጥሽ አትትከይው፣ ይበሰብሳል። ነጭ ወተቱ ደርቆ ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ለቀናት ጥላ ውስጥ አቆይው።

ወጣቷ፦ የድሬዳዋ ዛፍም ብተክል ደስ ይለኝ ነበር። አገሬን ያስታውሰኛል።

አዛውንቱ፦ እሱማ መነሻው ራሱ ደሴት ነው፤ ከማዳጋስካር የወጣ ዛፍ ነው። ጥላውም አበባውም ግሩም ነው። ሥሩ ግን ወደ ጎን ስለሚንሰራፋ፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ስለሚሰበር ከቤትና ከውኃ ቧንቧ አርቂው።

ወጣቷ፦ ለዓይን የሚሆነውና ለማጀት የሚሆነው ተለይቶ ይተከላል ወይስ አንድ ላይ?

አዛውንቱ፦ በትንሽ መሬት ላይ ሁለቱን የሚያጣምር ተክል ፈልጊ። የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሰፊ ቅጠሉ ያምራል፤ ፍሬው ተጠብሶም ተቀቅሎም ቤተሰብ ያጠግባል። በጥላ ሥር ደግሞ ቫኒላ በሕይወት ያለ ዛፍ ላይ ትወጣለች።

ወጣቷ፦ ቫኒላ አስቸጋሪ ናት ይባላል።

አዛውንቱ፦ ታሪኳን ካወቅሽ ትገባሻለች። ከሜክሲኮ አካባቢ የወጣች ሐረግ ናት። ሬዩንዮን ደሴት ስትደርስ አበበች እንጂ ፍሬ ማፍራት አቃታት፤ በትውልድ አገሯ የሚያዳቅሏት ነፍሳት እዚያ የሉማ። እ.ኤ.አ. በ1841 በባርነት የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በቀጭን ስንጥርና በአውራ ጣቱ አበባዋን ማዳቀል ቻለ። እስከ ዛሬ የሚሠራበት የዚያ ልጅ ዘዴ ነው። አንዷ አበባ የምትከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ስለሆነ በጠዋት መድረስ አለብሽ። ፍሬዋ ለመብሰል 9 ወር ያህል ይፈጅባታል።

ወጣቷ፦ ረዳቷን ትታ መጥታ ነው የተቸገረችው ማለት ነው።

አዛውንቱ፦ ዋናውን ነገር ያዝሽው። ተክል ባሕር ሲሻገር ረዳቱንም ጠላቱንም ትቶ ነው የሚሻገረው። ረዳቱን ያጣ ይመክናል። ጠላቱን የተገላገለ ግን የሚያቆመው አይኖርም። ሚኮኒያ የሚባል ቅጠለ ሰፊ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1937 ለውበቱ ተብሎ ታሂቲ ደሴት ገባ። ዛሬ ከደሴቲቱ ከግማሽ በላይ ወርሶ፣ በጥላው የአገሬውን እፅዋት ብርሃን ነስቷቸዋል። ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ተዳፋቱም ይናዳል።

ወጣቷ፦ እንደኛ እንቦጭ።

አዛውንቱ፦ እንቦጭም ከደቡብ አሜሪካ በሐምራዊ አበባው ምክንያት በየአገሩ የተወሰደ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ሐይቅ ላይ ታየ፤ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ምን እንዳዩ አንቺም ታውቂያለሽ። በደሴት ላይ ደግሞ የአገሬው ተክል ከዚያ መሬት ከጠፋ ከየትም ላይመለስ ይችላል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ከዚህ ችግኝ ይዤ ልሂድ ያልኩት ይቅር?

አዛውንቱ፦ ይቅር። ዘርም፣ ቅርንጫፍም፣ አፈር የነካው ሥርም በሻንጣሽ አትያዢ፤ በሽታና ተባይ ተደብቆ የሚሻገረው በዚያ ነው። ችግኝሽን እዚያው ግዢ። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የመንደሩን አሮጌ አትክልተኞች ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ጨውና ነፋስ ይችላል? ምን ይጠቅማል? ሳይተክሉት ራሱ በየቦታው ይበቅላል? ለሦስተኛው «አዎ» ካሉሽ፣ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር እዚያው ሻጩ ጋ ተይው።