በቀቀን ላባውን ለምን ይነጫል?

በቤት ውስጥ የሚኖር ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን ደረቱ ተራቁቶ ጭንቅላቱ ግን በላባ እንደተሸፈነ ብናይ፣ ላባውን የነጨው ራሱ ወፉ መሆኑን እንጠረጥራለን፤ መንቁሩ የገዛ ጭንቅላቱን ሊደርስበት አይችልምና። የጭንቅላቱም ላባ አብሮ ከረገፈ ግን የቫይረስ በሽታ ወይም ሌላ ወፍ መኖሩን መመርመር ይገባል።

ጉዳቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የበቀቀን የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 21 ዲግሪ ይሆናል። ሙቀቱ በፍጥነት እንዳይባክን የሚያደርገው በይበልጥ በለስላሳው ላባ መካከል ታግቶ የሚቆየው አየር ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነውና። ላባው በተነጨ ጊዜ ወፉ ከሚመገበው ኃይል ከወትሮው የበለጠውን ለማሞቂያ ያውላል። (እኛ የፊዚክስ ሰዎች ወፍን እንደ ምድጃ ማየት ይቀናናል።)

መንስኤውን ስንፈልግ የቆዳ ሕመም፣ ጥገኛ ተሕዋስያንና የምግብ ጉድለት በቅድሚያ በእንስሳት ሐኪም ይጣራሉ። እነዚህ ካልተገኙ ወደ ሽቦ ቤቱ እንመለከታለን። የዱር በቀቀን ከመንጋው ጋር ፍሬ ሲፈልግና ሲፈለፍል ረጅም ሰዓት ያሳልፋል። በሽቦ ቤት ውስጥ ግን ምግቡ በሳህን ይቀርብለታል፤ ለመንቁሩ የሚተርፈው ሥራ የገዛ ላባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ወጣት የአማዞን በቀቀኖች ምግባቸውን ፈልገውና ፈልቅቀው እንዲያገኙ፣ የሚወጡባቸውና የሚጫወቱባቸው ነገሮችም እንዲኖሯቸው በተደረገ ጊዜ መንጨታቸው መቀነሱን አሳይቷል።

ይህ ግን በጊዜው መደረግ አለበት፤ ላባ የሚበቅልበት የቆዳ ቀዳዳ በተደጋጋሚ ከቆሰለ ላባው ዳግመኛ ላይበቅል ይችላል።