ስለ ጦር ካርታና ስለ ሴቶች አገልግሎት፤ የመተማን ቆላ ምሳሌ በማድረግ

የመተማ ሰው ጓንግ የሚለውን ወንዝ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ የሱዳን ሰው አትባራ ይለዋል። እንዲሁም ሽንፋ ከወዲያ ራሃድ፥ አይማም ዲንደር ይባላሉ። ውሃው አንድ ሲሆን ስሙ ሁለት ነውና፥ ይህን የማያውቅ መንገደኛ ካርታ በእጁ ቢይዝም እንኳ ይስታል። ስለዚህ የካርታ ትምህርት ከወንዝ ስም ቢጀመር መልካም ነው።

ካርታ ማለት አንድ ሰው የረገጠውን አገር፥ ያልረገጠው ሰው እንዲያውቀው በመጠን አሳንሶ በወረቀት ላይ መጻፍ ነው። በድንበር አገር ግን ከዚህ የከበደ ነገር አለበት። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው ከወደቁ በኋላ፥ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ሻለቃ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን መስመሩን በምድር ላይ አመለከተ፤ መተማ ወደ ኢትዮጵያ፥ ጋላባት ወደ ሱዳን ሆኑ። የኢትዮጵያ ወገን በዚያ ሥራ ላይ አልነበረም ተብሎ የተነሣው ክርክር ብዙ ዘመን ቆየ። አንድ የቀለም መስመር የማን ከብት የት እንደሚጠጣ፥ የማን ማረሻ የት እንደሚደርስ ይወስናልና ክርክሩ የሚያስገርም አይደለም።

በጦርነት ጊዜ ደግሞ የካርታ ጕድለት በሰው ነፍስ ይከፈላል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የህንድ ጦር ከኢጣልያኖች እጅ ጋላባትን ያዘ፤ ወደ መተማ ለመዝለቅ ግን አልሆነለትም። ታንኮቹ ከረጅሙ ሣር በታች ተሰውሮ በነበረው ድንጋይና በተቀበረው ፈንጂ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ አብዛኞቹ ቆሙ፤ የጠላት አውሮፕላንም ከላይ ደበደባቸው፤ ጦሩ የያዘውን ለቆ ለመመለስ ተገደደ። ኢጣልያኖች መተማን የለቀቁት በጥር ነው። ኮረብታውና ምሽጉ በካርታ ሊታይ ይችላል፤ በሣር ውስጥ ያለውን ድንጋይ ግን የሚያውቀው በዚያ የሚመላለስ ሰው ነው። በቆላው አገር ደግሞ ውሃ ልትቀዳ፥ እንጨት ልትለቅም ከሁሉ አብልጣ የምትመላለስ ሴት ናት። እርሷን የጠየቀ ካርታ ሠሪ ግን ጥቂት ነው።

በአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ይህ ዓይነት ዕውቀት በሴቶች አፍ ለአርበኞች ይደርስ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በአዲስ አበባ ተቀምጠው የጠላትን ነገር እየመረመሩ ለዱር አርበኞች ወሬና ገንዘብ፥ መድኀኒትና ጥይት በስውር ይልኩ ነበር። ጠላት ደርሶባቸው አሠራቸው፤ አሲናራ ወደምትባለው የኢጣልያ ደሴትም አጋዛቸው። ከግዞት ሲመለሱ ወደ ቀድሞው ሥራቸው ተመለሱ እንጂ በቤታቸው አልተቀመጡም፤ የአዲስ ዓለም ምሽግ በአርበኞች በተመታ ጊዜም ድርሻ ነበራቸው። የእርሳቸው ሥራ ጠላት የት እንዳለ ለወገን ማሳየት ነበረ፤ የጦር ካርታም ሥራው ይኸው ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ሆነው ቍስለኞችን ሲረዱ ተማርከው ወደ አሲናራ ተወስደው ነበር፤ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኀላፊ ሆኑ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ደግሞ ለሕዝብ እንደራሴነት ከተመረጡት መካከል የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ።

በዚያው ጦርነት ዘመን በባሕር ማዶ ሴቶች ካርታ በእጃቸው ሣሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 በአሜሪካ የጦር ሠራዊት የካርታ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹ ወንዶች ግን ወደ ጦር ሜዳ ሄዱበት። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህርት የነበረች ኤዲት ፓርከር የጦር ካርታ አሠራር ትምህርት አዘጋጀች፤ በልዩ ልዩ ኮሌጆች የተማሩት ልጃገረዶች ወደ ሥራው ገቡ። ከአውሮፕላን የተነሡትን ፎቶግራፎች ጥንድ ጥንድ አድርገው በልዩ መነጽር እየተመለከቱ ከፍታውንና ዝቅታውን ይለያሉ፤ ወንዙን፥ መንገዱን፥ ድልድዩን በቀለም ይጽፋሉ። መሥሪያ ቤቱ ለኖርማንዲ ዘመቻ ብቻ 3,000 ዓይነት ካርታ በ70 ሚሊዮን ቅጂ አዘጋጀ። ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ ቢሳሳት ወታደሩ በማያውቀው ባሕር ዳር ይጠፋ ነበር፤ ይሁን እንጂ ካርታውን በእጁ የያዘው ወታደር የሣለችውን ሴት ስም አያውቅም። ይኸው መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የኢትዮጵያን ካርታ ሠርቷል።

መምህሩ ይህን ካስረዳ በኋላ ተማሪዎቹን ከክፍል ያውጣ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በምድር 500 ሜትር ነው፤ ለመንደር ግን ይህ እጅግ ያንሳልና፥ አንድ ሳንቲ ሜትር ለ50 ሜትር ይሁን። አንድ መቶ ሜትር ስንት እርምጃ እንደሚሆን በገመድ ለክተው ይወቁ፤ ምሥራቅን ከፀሐይ መውጫ ይያዙ። ትምህርት ቤቱን፥ ቤተ ክርስቲያኑን፥ መስጊዱን፥ ገበያውን ከጻፉ በኋላ በየቤታቸው ሄደው እናቶቻቸውን ይጠይቁ፦ የትኛው ጕድጓድ በየካቲት ይደርቃል? የትኛውስ እስከ ግንቦት ይቆያል? በክረምት ዋልካው እግር የሚይዘው በየት ነው? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ብትወሰድ የሚያልፈው መንገድ የቱ ነው?

መልሱን በቀይ ቀለም ይጻፉት። ሽማግሌዎችም ወረቀቱን አይተው የወንዞቹን ስም ከወዲህና ከወዲያ በሚጠሩበት በሁለቱም ያስሞሉ። ጕድጓድ ይደረመሳል፥ ወንዝም መንገዱን ይለውጣልና፥ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ተማሪዎቹ እንደገና ዞረው ያርሙት፤ የነገረቻቸውም ሴት ስም ከነገረችው ነገር አጠገብ ይጻፍ።